ጳጉሜ አትቆጠርም

ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት የልጄን ኩባያ አያለሁ። ጉላንታ ውስጥ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ልዩነቱ እነሱ የሌላ ሰው ልጅ ኩባያ ያያሉ፣ እኔ የራሴን ልጅ። ከሰፈሩ ቧንቧ አጠገብ ግድግዳው ላይ ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ የመጠን መስመር ያለበት ኩባያ ይታያል። ኩባያው እዚያ ታች፣ በጎረቤት አገር፣ ልጄ ትርሲት ፊት የተቀመጠው ነው። እኛ እዚህ ከድርሻችን አብልጠን በቀዳን ቁጥር እዚያ ይጎድላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አስረጂኝ የሚል እንግዳ ሲመጣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለዚህ እኛ ከተማ ጥርስ የሚፋቀው ስክሪን እያዩ ነው። ሕፃን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሽንኩርት የታጠበበት ውሃ ምስር ይቀቀልበታል፣ ምስር የታጠበበት ደግሞ ወለል ይወለወልበታል። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» ከማለቱ በፊት «ስንት ላይ ናት?» ይላል። «መስመሩ ላይ ናት» ካሉት እፎይ ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። እኔ ግን ሌላ ወሬ የለኝም።

እኔ ልጅ ሳለሁ የወንዙ ስምምነት ወረቀት ነበር። ሁለቱ አገሮች ተፈራረሙ፣ ተጨባበጡ፣ ተካካዱ። እንደገና ተፈራረሙ፣ እንደገና ተካካዱ። ከዚያ የግድቡ በር ጦርነት መጣና ሁለቱም ወገን ልጆቹን ቀበረ። በመጨረሻ ሽማግሌ ነን ያሉ ሰዎች ተቀምጠው «ወረቀት ይብቃ፣ ሰው ይዋስ» አሉ። ዋስ መቼም አዲስ ነገር አይደለም። ሥራ ስትቀጠር ዋስ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ስትወጣ ዋስ፤ ለወንዝ ቢጠራ ምን ይገርማል ተባለ። ወንዙ ዳር ያለ ከተማ በየዓመቱ ዕጣ ያወጣል። ዕጣ የወጣበት ቤት አንድ ሰው ወደ ታች ይልካል፣ እሱም ከተማው ያስተረፈለትን ይጠጣል። የታችኞቹ ዋስ ደግሞ እዚህ ከግድቡ በር ሥር ባለው ቤት ውስጥ ይኖራል። እነሱ ውል ካፈረሱ በሩ ይከፈታል።

ዘንድሮ ዕጣው የእኔ ቤት ላይ ወጣ። «እኔ ልሂድ» አልኩ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩ። አይሆንም አሉኝ። ዋስ የሚያሳሳ መሆን አለበት። እንዲህ ብለው ነው የጻፉት፣ «የሚያሳሳ»። እኔን የሚሳሳልኝ አልተገኘም መሰለኝ፣ ትርሲትን ወሰዷት።

አምና የሄደው የጋሽ ልሳኑ ልጅ ነበር። ጋሽ ልሳኑ የቧንቧው ጠባቂ ናቸው። አምና በበጋው አንዳንድ ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ በድብቅ ጎመን አጠጡ። ልጁ አልተመለሰም። ማን እንዳጠጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጎመኑን ግን ሁላችንም በልተናል።

እንግዲህ ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ ሩፋኤል፣ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የሱዓድን ጸጉር እየሠራሁ ነበር። ሹሩባ መሥራት ነው መተዳደሪያዬ፤ በደረቁ፣ በቅባት ብቻ። ሱዓድ የታችኞቹ ዋስ ናት፣ ከበሩ ሥር የምትኖረው። መጀመሪያ አካባቢ ጸጉሯን ስይዝ ልጎትተው፣ ላሳምማት ያምረኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። በኋላ ሳስበው እዚያ ታችም የትርሲትን ጸጉር የያዘች አንዲት ሴት ትኖር ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ ነው የምጎነጉናት።

ሰማዩ ጠቁሯል። ሰፈሩ በሙሉ ዕቃውን ወደ ውጭ እያወጣ ነው። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት፣ የተቆረጠ ጄሪካን፣ አንዷማ የልጇን ፖፖ አጥባ አውጥታለች። እኔም ሳፋዬን ደጄ ላይ አስቀምጫለሁ። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፤ ይህን ለጉላንታ ሰው የሚነግር አያስፈልግም። ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይገቡበታል። እናቶች ያጠራቅሙታል፣ ሊጥ ውስጥ ጠብ ያደርጉታል፣ ለታመመ ሰው ያስቀምጡታል።

በሌላ ቀን ቢሆን ማንም አይደፍርም። መሬት ላይ የወደቀ ዝናብ የወንዙ ነው፣ ዕቃ ውስጥ የወደቀ ዝናብ ግን የከተማው ነው፤ ይቆጠራል። ጳጉሜ ግን አትቆጠርም። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሁሉም የሚለው ነገር ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ጳጉሜ ደሞዝ የላትም፣ የቤት ኪራይ አይጠየቅባትም፣ ስለዚህ ውሃም አይቆጠርባትም። ደግሞ የዋሱ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ በሩፋኤል አንድም ጊዜ ዘንቦ ስለማያውቅ ነገሩን ሞክሮ ያየው የለም።

እኔስ? እኔም አምኜ ነበር። ማመኑ ደስ ይላል። በዓመት ውስጥ ለአምስት ቀን ልጄ የማንም ዋስ አይደለችም ብሎ ማሰብ፣ ወይኔ፣ ምን ይወጣለታል።

«እትዬ አስረበብ፣ ሰዎቹ ምን ሆነዋል?» አለችኝ ሱዓድ። «ዕቃ ሁሉ ውጭ ነው።»

«ሊዘንብ ነዋ! ሩፋኤል ነው።»

«ይቆጠርባችኋል እኮ።»

«ጭንቅላትሽን ቀጥ አድርጊ። ጳጉሜ ናት፤ ጳጉሜ አትቆጠርም።»

ቃል ፈለገች። አማርኛ የለመደችው እዚሁ ነው።

«ጳጉሜ ማን ናት?» አለች።

ከት ብዬ ሳቅኩ። «ሰው አይደለችም! ወር ናት። አሥራ ሦስተኛዋ፣ ትንሿ።»

«እኛ አገር ወር አሥራ ሁለት ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የማትቆጠረው፣ እናንተ ዘንድ ስለሌለች።»

«ወሯ የለችም» አለች ሱዓድ ቀስ ብላ። «ቀኑ ግን አለ። ዛሬ እኛ አገር የሥራ ቀን ነው። አባቴ ውሃ የሚቆጥር ሠራተኛ ነበር። በዚህ ሰሞን ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም።»

እጄ ጉንጉኑ ውስጥ ቀረ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ጠብ ስትል ሰማኋት፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ዶፉ ወረደ። ልጆች እልል እያሉ ከየቤቱ ወጡ።

ፈርቼ አውቃለሁ፣ ትርሲትን የወሰዷት ዕለትም ፈርቻለሁ፤ የዚያኛው ፍርሃት ግን ልቅሶ ነበረው። የዛሬው ድምፅ አልነበረውም። እግሬ ይንቀሳቀሳል፣ ምላሴ ታስሯል። ማበጠሪያውን ወርውሬ ወጣሁ፤ መጀመሪያ የራሴን ሳፋ አነሳሁና ደፋሁት። ከዚያ የጎረቤቴን ባልዲ። ከዚያ የማዶዋን ድስት።

«ድፉት!» የሚል ድምፅ ከየት እንደወጣልኝ እንጃ። «ይቆጠራል! ድፉት፣ ስለ እመብርሃን ድፉት!»

«ኧረ ይቺ ሴት አበደች!» አለች አንዷ። «ጳጉሜ ናት እኮ!»

«እነሱ ጳጉሜ አያውቁም! ልጄን ልትገድሉብኝ ነው? ድፉት!»

እማማ የሻረግ ከደጃቸው ሆነው ከዘራቸውን አነሱብኝ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ትርሲት ስትወለድ እትብቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከደጃፋቸው ርቀው አይሄዱም።

«ጸበል ትደፊያለሽ አስረበብ? ጸበል?»

«እማማ፣ ልጄ!»

«ልጅሽን የሚያድናት እሱ አይደል እንዴ!»

አልሰማኋቸውም። ደጃቸው ላይ የነበረውን ማሰሮ ገፋሁት፣ ተንከባሎ ፈሰሰ። አማተቡብኝ። እኔ አልፌ ሄድኩ። አንዳንዶቹ ሲገባቸው የየራሳቸውን ደፉ፣ አንዳንዶቹ ከእኔ ጋር ታገሉ፣ አንዱ ገፍትሮኝ ጭቃ ውስጥ ወደቅኩ። ተነስቼ የእሱንም ደፋሁ። የመንደሩ ዕቃ በሙሉ አፉ ወደ መሬት እስኪሆን አላረፍኩም። ጨርሼ ቀና ስል ነጠላዬ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል፣ ሱዓድ ግማሽ ጸጉሯ የተጎነጎነ ግማሹ የተበተነ ከኋላዬ ቆማለች፣ ልቤም ትንሽ ተመልሷል። ደረስኩላት ብዬ ነበር።

ወደ ቧንቧው ሮጥን።

ስክሪኑ ላይ ኩባያው ከመስመሩ በታች ወርዷል፤ እያየሁት ደግሞ ይወርዳል። ጋሽ ልሳኑ የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ደፍተነዋል! ሁሉንም ደፍተነዋል፣ ይንገሯቸው!»

«የት ደፋሽው?»

«የት ይደፋል? መሬት ላይ ነዋ!»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምነው አስረበብ» አሉ። «ምነው።»

«ምንድን ነው? ምን አጠፋሁ?»

«ዕቃ ውስጥ የገባ ውሃ የከተማው ነው። ብታመጪው በዚህ በመመለሻው ቱቦ ወደ ወንዙ እንልከው ነበር፣ ከሂሳብ ይወጣ ነበር። መሬት ላይ የደፋሽው ግን ማጠጣት ነው። ማጠጣት ደግሞ ካምናው ጎመን ወዲህ እጥፍ ነው የሚቆጠረው።»

«ማጠጣት? ምኑን አጠጣሁ? ድንጋዩን?»

«እኔ አልጻፍኩትም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሰው እንዴት እንዲህ በቀዝቃዛ አፍ ይናገራል ብዬ ተናደድኩባቸው፣ ጉሮሯቸውን ላንቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እጃቸውን አየሁ። የመመለሻውን ክዳን ክፍት አድርገው ጨብጠውታል። ሰው ባልዲውን ይዞ ይመጣል ብለው ዝናቡ ሲጀምር ከፍተውት ሲጠብቁ ነበር። ማንም አልመጣም፤ እኔ ሰፈር ውስጥ ስደፋ ነበር።

ሰዉ እየተሰበሰበ መጣ። ኩባያው ግማሽ ሆነ፣ ከግማሽም አለፈ። አንዱ «እነሱ ይህን ካደረጉ የእነሱንስ ዋስ ምን ዝም ብለን እናያለን? በሩ ይከፈት!» አለ። የገፈተረኝ ሰውዬ ነው። ሌሎች ዞር ዞር ብለው ሱዓድን አዩዋት። እሷም መታየቷ ገብቷት ያልተጎነጎነውን ጸጉሯን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ምኑን እንደምትደብቅ እንጃ። ስቤ ከጀርባዬ አደረግኳት።

«ይቺ ናት የነገረችኝ» አልኩ። «ከእናንተ መሃል የነገረኝ የለም። ይቺ ናት።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። በሩን የሚከፍት ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጳጉሜ እንደማትቆጠር አውቅ ነበር። ሱዓድ ከኋላዬ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘች።

ቀትር ሆነ። ኩባያው ሁልጊዜ ይታያል፣ ፊቷ የሚታየው ግን ቀትር ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ለትንሽ ጊዜ፣ ያውም ያለ ድምፅ። እኔ እሷን አያለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች። በደህናው ጊዜ ለዚህች ሰዓት ጸጉሬን አበጥሬ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሼ ነው የምመጣው። እናቷ የተጎሳቆለች እንዳይመስላት።

ስክሪኑ ብልጭ አለና ትርሲት መጣች። አየችኝ።

ከእግር እስከ ራሴ ውሃ ነኝ። ከጸጉሬ ይንጠባጠባል፣ ከአፍንጫዬ ይንጠባጠባል፣ ከነጠላዬ ጫፍ ይወርዳል። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው፣ እርቃናቸውን የሆኑ ልጆችም በሰዉ መሃል ይታያሉ። የትርሲት ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ ትናንት እንዲህ አልነበረም ወይስ እኔ ነኝ ዛሬ ያየሁት? ግን ፊቷ በራ። ውሃውን ስታይ ፊቷ በራ። ድምፅ የለም፣ ከንፈሯን ግን አነበብኩት።

«ዘነበ?»

አዎ ልበላት፣ አይ ልበላት? ይቺ ልጅ ሩፋኤልን ታውቃለች። በየዓመቱ በረንዳው ላይ ቆማ ደመና ስትቆጥር ያደገች ናት፣ አንድም ቀን ሳይዘንብላት። ራሴን ነቀነቅሁላት። ሳቀች። አገጯን ወደ ላይ አንስታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ዝናብ እንደሚቀበል ልጅ ሆና አሳየችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጣሪያ ነው ያለው። ከዚያ ዝቅ ስትል ዓይኗ ኩባያው ላይ አረፈ።

ኩባያውን አየች። እኔን አየች። ከእኔ የሚወርደውን ውሃ አየች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ ነጠላዬን ነበር የምታየው።

ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ በመመለሻው አፍ ላይ ጨመቅሁት። እስኪያቃጥለኝ ጨመቅሁት። ጸጉሬን ጨመቅሁት፣ ቀሚሴን ጨመቅሁት። ሴቶቹ ሲያዩኝ እያለቀሱ የየራሳቸውን መጭመቅ ጀመሩ፣ ያ ሰውዬ እንኳ ኮቱን አወለቀ።

«ተዉት» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «የለበሳችሁት አይቆጠርም። ሲገባም አልተቆጠረም፣ ሲወጣም አይቆጠርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ምን ላድርግ ጋሽ ልሳኑ?»

«ቧንቧ አትክፈቱ። እስኪሞላላት ማንም ቧንቧ እንዳይከፍት። ሌላ ደግሞ አንዲት ጠብታ መሬት አይንካ። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ነገር...» አልጨረሱትም። ሁላችንም ኩባያውን አየነው፤ ከታቹ የቀረው የጣት ውፍረት ነው። ከዚያ መመለሻውን ዘጉ። ከቀትር በኋላ አይሠራም፣ ነገ ጠዋት ነው የሚከፈተው። መሐላ ተባለ፣ ሁሉም ማለ። ሩፋኤልን ጠርተው ማሉ። የአምናዎቹም እንዲህ ምለው ነበር፣ ግን አሁን ይህን አፍ አውጥቼ አልናገርም።

ሱዓድን እስከ በሩ ሥር ሸኘኋት። ጸጉሯን ነገ እጨርስልሻለሁ አልኳት። «ነገም ጳጉሜ ናት?» አለችኝ። «ናት» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ገባች።

ሰፈር ስደርስ አባርቶ የነበረው ዝናብ እንደገና ጀመረ። ዕቃዎቹ እንደደፋኋቸው ናቸው፣ ሁሉም አፋቸው ወደ መሬት። እየቆጣጠርኩ፣ እያረጋገጥኩ አለፍኩ። እማማ የሻረግ ደጃፍ ላይ ስደርስ የተንከባለለው ማሰሮ ባዶውን ተጋድሟል። እፎይ ልል ስል ከቤቱ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። የጣሪያው ጠርዝ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ሌላ ውሃ ውስጥ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ።

ዞሬ ሄድኩ። ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው፣ ለሁለት ሰው የሚከብደው። እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው ጠርዙ ላይ አበጥ ብሎ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «እማማ የሻረግ! ይሄ ምንድን ነው?»

በጓሮው በር ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። ቧንቧው ድረስ አልመጡም፣ ያየነውን አላዩም። ኩራት ኩራት ብሏቸዋል።

«እንዳትደፊው! ከአንቺ ነው የደበቅሁት።»

«ለምን? ለምን እማማ?»

«ለማን መሰለሽ? ለትርሲት ነዋ! ስትመለስ እንድትጠጣው። የሩፋኤል ጸበል ተጠምቶ የመጣን ሰው ያድናል። ለእሷ ነው የያዝኩላት።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም፣ ጊዜም የለኝም። ላንሳው ብል ይፈስሳል፣ ልደፋው ብል ማጠጣት ነው፣ መመለሻው እስኪከፈት ልተወው ብል ዝናቡ ይጨምርበትና እሱ ራሱ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። ሳፋው ላይ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ዘርግቼ፣ ደረቴን ጠርዙ ላይ አድርጌ፣ በጀርባዬ ዝናቡን ከለልኩት።

«ላስቲክ!» አልኩ። «እማማ፣ ላስቲክ አምጡልኝ! የሚሸፈንበት ነገር!»

«ምነው ልጄ? ምን ሆነሻል?»

«ላስቲክ!»

ወደ ውስጥ ገቡ። ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ። ዝናቡ ጀርባዬን ይደበድበኛል። ከጀርባዬ የሚወርደው መሬት ላይ ይወድቃል፤ እሱ የወንዙ ነው፣ አይቆጠርም። ከፊቴ የሚወርደው ግን ሳፋው ውስጥ ነው የሚገባው። ፊቴን ዞር ማድረግ አልችልም፤ ዞር ካልኩ ዝናቡ ይገባል። ስለዚህ ዓይኔን ጨፈንኩና እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነከስኩ። እማማ የሻረግ ውስጥ ዕቃ እያተራመሱ «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ» ይላሉ።